ሐረጎ ላይ ያየሁት አረንጓዴ ድንጋይ ኤሪክላክስማናይት ሊሆን ይችላል?

የሐረጎ_ልጅ (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 2፡10

እንደምን አመሻችሁ የወሎ ልጆች። እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ነው የምሠራው። ትናንት ሐረጎ ቁልቁለቱ ላይ ጎማ ተነፈሰብኝ። ረዳቴ ጎማ ሲቀይር እኔ መንገዱ ሲሠራ የተቆረጠውን ድንጋይ ሳይ ቆየሁ። ጥቁር ነው። እንደ እንጀራ ዓይን ትንንሽ ቀዳዳ ሞልቶታል። ከቀዳዳዎቹ ብዙዎቹ ውስጥ ደግሞ አረንጓዴ ነገር አለ። አንድ ቁራጭ ወስጄ መጣሁ።

ማታ ስልኬ ላይ ስፈልግ ኤሪክላክስማናይት የሚባል ማዕድን አገኘሁ። አረንጓዴ ነው ይላል። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ይበቅላል ይላል። በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ነው ይላል። የእኛም ተራራ ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ይሄ ሊሆን ይችላል? የምታውቁ እስኪ አስረዱኝ። ፎቶውን አያይዣለሁ።

ወገልጤና_ድንጋይ (ደሴ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 2፡31

ወንድም፣ እኔ አሥር ዓመት ኦፓል ሸጫለሁ። ከፎቶ ላይ ድንጋይ አይፈረድም። በተለይ በቀለም አትመን። አረንጓዴ የሆነ ድንጋይ ስንት ዓይነት አለ መሰለህ። በመዳብ አረንጓዴ የሚሆን አለ፣ በብረት የሚሆን አለ፣ በክሮሚየምም የሚሆን አለ። የቦሩ ሜዳዋ እህታችን ጂኦሎጂ ነው የተማረችው፣ እሷ ትምጣ።

ጂኦሎጂ_ቦሩሜዳ (ደሴ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 3፡20

መጥቻለሁ። የሐረጎ ልጅ፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። መልሱ አይደለም ነው። ግን ለምን አይደለም የሚለው ራሱ ትልቅ ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ያነበብከው ማዕድን ከየት እንደመጣ። ካምቻትካ በሩሲያ ምሥራቅ ጫፍ ያለች ልሳነ ምድር ናት። እዚያ ቶልባቺክ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1975 ከተራራው በስተደቡብ ያለው ሜዳ ተሰነጠቀና የቀለጠ ባዛልት (ሲቀዘቅዝ ጥቁር የሚሆነው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) መፍሰስ ጀመረ። እስከ ዲሴምበር 1976 ዘለቀ። በዚያ ፍንዳታ አዳዲስ ኮረብታዎች ተወለዱ። ቀዳዳ ከበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከስኮሪያ የተከመሩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሁለተኛው የስኮሪያ ኮረብታ ይባላል።

ፍንዳታው ቆመ። ሙቀቱ ግን አልቆመም። ከኮረብታው ስንጥቆች ትኩስ ጋዝ ለአሥርት ዓመታት ሲወጣ ኖረ። እንዲህ ያለውን የጋዝ መውጫ ፉማሮል እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ2012 የሞስኮው የማዕድን ተመራማሪ ኢጎር ፔኮቭና ባልደረቦቹ እዚያ ኮረብታ ላይ አንድ ፉማሮል አገኙ። አርሰኒክ ያለባቸው ማዕድናት ስለበዙበት አርሰናትናያ ብለው ሰየሙት። ኤሪክላክስማናይት የተገኘው ከዚያ ጉድጓድ ነው። ሲለካ ቦታው ከ360 እስከ 380 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቅ ነበር። አስቡት፣ ፍንዳታው ካለቀ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ አልፎ።

አሁን ወደ ሐረጎ ልመለስ። የእኛ የወሎ ባዛልት ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ነው። ቀዳዳዎቹ ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዝ አረፋ ሠርቶ ያለፈባቸው ናቸው። እስከዚህ ልክ ነህ፣ ከቶልባቺክ ድንጋይ ጋር ይመሳሰላሉ። ቀዳዳውን የሞላው ነገር ግን ከጋዝ የመጣ አይደለም። ከዚያ በኋላ በድንጋዩ ውስጥ ቀስ እያለ ያለፈ ውሃ ነው ያመጣው። ካልሳይት፣ ካልሴደኒ፣ ዚዮላይት፣ ሁሉም ከውሃ የተወለዱ ናቸው። አረንጓዴው ደግሞ በእንዲህ ያለ ባዛልት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሴላዶናይት ነው። ብረት፣ ማግኒዝየምና ፖታሲየም ያለበት፣ ለስላሳ፣ ከማይካ ቤተሰብ የሆነ ማዕድን ነው። መዳብም አርሰኒክም በተፈጥሮው የለበትም።

ስለዚህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ከውሃ የተወለደ ነው፣ ሌላኛው ከትኩስ ጋዝ።

የሐረጎ_ልጅ (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 3፡34

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ጋዝ እንዴት ድንጋይ ይሆናል? ጋዝ ሲቀዘቅዝ ውሃ ነው የሚሆነው፣ የድስት ክዳን ላይ እንደሚያልበው።

ጂኦሎጂ_ቦሩሜዳ (ደሴ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 3፡52

ጉጉፍቱን አልፈህ ታውቃለህ? በጥቅምት ሌሊት ሣሩ ላይ የሚያድረውን ውርጭ አስበው። ያ ዝናብ ጥሎ የቀዘቀዘ አይደለም። አየር ውስጥ ያለው እንፋሎት መሀል ላይ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆኖ ነው ሣሩ ላይ የሚለጠፈው። ፉማሮልም እንዲሁ ነው። ከታች የሚመጣው ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ ይበርዳል፣ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ የተሸከመውን ነገር ግድግዳው ላይ ያራግፋል። እዚያ የሚያድረው ውርጭ ክሪስታል ነው።

አርሰኒክ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ንጹሑ አርሰኒክ በተለመደው የአየር ግፊት አይቀልጥም። 615 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በቀጥታ ይተናል። የአርሰኒክ ኦክሳይድማ ከዚያም በጣም ባነሰ ሙቀት ይነሣል።

በያጅ_ኮምቦልቻ፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡05

ሰላም ለሁላችሁ። የብየዳ ቤት ነው ያለኝ፣ ከድንጋይ ጋር አልተዋወቅም። ግን ይሄ ነገር በየቀኑ በዓይኔ የማየው መሰለኝ። ጋልቫናይዝድ ላሜራ ስበይድ ነጭ ጭስ ይነሣል። ሥራው ሲያልቅ ብረቱ ዳርና ማስኬ ላይ እንደ ጥጥ ብናኝ ያለ ነጭ ነገር ተለጥፎ አገኛለሁ። ዚንክ ነው ይሉኛል። እንደዚያ ነው?

ደግሞ ጥያቄ አለኝ። መዳብ የሚቀልጠው 1085 ዲግሪ ላይ ነው፣ ይሄን ከሥራዬ አውቃለሁ። በ380 ዲግሪ እንዴት በጋዝ መልክ ይሄዳል? እዚህ ላይ አልተዋጠልኝም።

የኬሚስትሪ_መምህር (ደሴ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡22

ልጄ፣ በያጁ፣ ከአንተ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም ነበር። ያ ነጭ ጥጥ ዚንክ ኦክሳይድ ነው። በብየዳው ሙቀት ዚንኩ ይተናል፣ የአየሩን ኦክስጅን ያገኛል፣ ወዲያው ጠጣር ይሆናል። አንተ ማስክ ላይ ያለው ነገር የፉማሮል ታናሽ ወንድም ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህም ትክክል ነው። መዳብ ብቻውን አይሄድም። አሳፍሮ የሚወስደው አለ። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ጋዝ ውስጥ ክሎሪን አለ፣ በሃይድሮጅን ክሎራይድ መልክ። መዳብ ከክሎሪን ጋር ሲጣመር ክሎራይድ ይሆናል፣ ክሎራይዱ ደግሞ ከንጹሕ መዳብ እጅግ በቀለለ ሙቀት ይተናል። ጋዙ ከታች ሲነሣም ከ380 ዲግሪ ይበልጥ ይሞቃል። ላይ ሲደርስ አየር ይገባበታል፣ መዳቡ ክሎሪኑን ይተውና ኦክስጅን ይይዛል። አርሰኒኩም እዚያው ኦክስጅን ይጠግባል። ሁለቱ ሲገናኙ የመዳብ አርሰኔት ይሆናል።

እባክህ ግን ያንን ነጭ ጭስ አትሳበው። በር ክፈት፣ ጭስ የሚያስቀር ማስክ አድርግ። ማታ ብርድ ብርድ የሚላችሁና የሚያተኩሳችሁ ከእሱ ነው።

በያጅ_ኮምቦልቻ፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡30

ጋሼ አመሰግናለሁ። እኛ ወተት ጠጡ እየተባልን ነው ያደግነው። ማታ የሚያንቀጠቅጠው እውነት ነው፣ ሁለት ጊዜ ይዞኛል።

የኬሚስትሪ_መምህር (ደሴ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡33

ወተት ሳንባ ውስጥ አይገባም ልጄ። ማስክና አየር ነው መፍትሔው።

ጦሳ_ሥር (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡40

ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። እኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ሲቪል። አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ኮዚሬቭስኪት የሚባል ሌላ ማዕድን አለ። ከዚያው ጉድጓድ፣ በዚያው ሰሞን የተገኘ። እሱም አረንጓዴ። ቀመሩ ደግሞ ከኤሪክላክስማናይት ጋር አንድ ዓይነት። አራት መዳብ፣ ሁለት አርሰኒክ፣ ዘጠኝ ኦክስጅን። ታዲያ አንድ ነገር ከሆኑ ለምን ሁለት ስም ተሰጣቸው? ስም ለማብዛት ነው የሚመስለው።

ጂኦሎጂ_ቦሩሜዳ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከቀኑ 6፡45

የምሳ ሰዓቴ ነው፣ ይሄ ጥያቄ ግን አያስበላም። የውይይታችን ሁሉ ልብ እዚህ ነው ያለው።

አንተ ሲቪል ተማሪ ስለሆንክ በብሎኬት እንነጋገር። አንድ መኪና ብሎኬት አራግፌ ግማሹን ለአንዱ ግንበኛ፣ ግማሹን ለሌላው ሰጠሁ። ብሎኬቱም ሲሚንቶውም እኩል ነው። አንዱ ቀጥ ያለ ቤት ሠራ። ሌላው ግድግዳው ሁሉ የተጋደለ ቤት ሠራ። የዕቃው ዝርዝር አንድ ነው። ቤቱ ግን አንድ አይደለም። ማዕድን ማለት የዕቃው ዝርዝር ብቻ አይደለም፣ አሠራሩም ነው። እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይትና አልማዝ ሁለቱም ካርቦን ናቸው፤ አንድ ናቸው የሚል ሰው የለም።

ኮዚሬቭስኪት ኦርቶሮምቢክ ነው። የክሪስታሉ መሠረታዊ ሣጥን እንደ ክብሪት ቀፎ ሦስቱም ጎኖቹ ቢለያዩም ማዕዘኖቹ ሁሉ 90 ዲግሪ ናቸው። ኤሪክላክስማናይት ትሪክሊኒክ ነው። የእሱ ሣጥን በሦስቱም አቅጣጫ የተጋደለ ነው፣ ቀጥ ያለ ማዕዘን አታገኝበትም።

በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ናቸው። ኤሪክላክስማናይት ከአረንጓዴ እስከ ጥቁር አረንጓዴ ይሄዳል። ኮዚሬቭስኪት ደመቅ ያለ የሣር አረንጓዴ ነው፣ ወደ ቢጫም ያዘነብላል። ክሪስታሎቹ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሱ ናቸው። ከጤፍ ፍሬ ጋር ነው የምታወዳድራቸው። ሁለቱም የሞህስ ጥንካሬያቸው (ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የጭረት መለኪያ) ሦስት ተኩል ገደማ ነው፣ ቢላዋ ይጭራቸዋል። ዴንሲቲያቸው ሁለቱም ወደ 5 ይጠጋል፤ ኳርትዝ 2.65 መሆኑን ካሰብክ በመጠኑ ልክ እጥፍ ሊሞላ የቀረበ ክብደት ነው። የሚለያቸው ኤክስሬይ ነው። ጨረሩ ክሪስታሉ ውስጥ ገብቶ ሲበተን የሚሠራው ንድፍ አተሞቹ የት የት እንደቆሙ ይናገራል።

ስማቸውም ከባዶ የመጣ አይደለም። ኤሪክ ላክስማን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሳይቤሪያን የዞረ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው፣ ከ1737 እስከ 1796 የኖረ። ኢቫን ኮዚሬቭስኪ ደግሞ ካምቻትካንና የኩሪል ደሴቶችን መጀመሪያ ካጠኑት አንዱ ነው። ሁለቱ ማዕድናት እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ጽሑፍ ላይ አብረው ተገለጹ።

ጦሳ_ሥር (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከቀኑ 7፡02

አሁን ገባኝ። ስም ለማብዛት ነው ያልኩትን አንሥቻለሁ። ዘጠኙ ኦክስጅን ግን አሁንም ግራ ይለኛል። አርሰኔት አራት አራት ኦክስጅን ነው የሚይዘው ተምረናል። ሁለት አርሰኒክ ካለ ስምንት ነው። አንዷ ከየት መጣች?

የኬሚስትሪ_መምህር (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከቀኑ 9፡15

ይሄን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ብትጠይቀኝ ጠመኔውን ለአንተ ነበር የምሰጠው።

ዘጠነኛዋ ኦክስጅን የአርሰኒክ አይደለችም። የመዳብ ናት። ስምንቱ አራት አራት ሆነው ሁለቱን አርሰኒኮች ከበዋል። አንዷ ብቻዋን መሀል ላይ ቆማ በአራት መዳቦች ተከባለች። ብዙ ጊዜ የምናስበው ብረቱ መሀል፣ ኦክስጅኖቹ ዙሪያ ሆነው ነው። እዚህ ተገልብጧል። ኦክስጅኗ እንደ ምሰሶ ናት፣ መዳቦቹ ዙሪያዋን ይዘዋል። ከቶልባቺክ በወጡ የመዳብ ማዕድናት ላይ ይሄ ዓይነት አቀማመጥ ደጋግሞ ይታያል።

ለተማሪዎቼ እንዲሆን ሒሳቡንም ልሥራው። መዳብ 63.55 ጊዜ 4። አርሰኒክ 74.92 ጊዜ 2። ኦክስጅን 16 ጊዜ 9። ድምሩ 548 ገደማ ይመጣል። በመቶ ስናሰላው መዳቡ 46.4፣ አርሰኒኩ 27.3፣ ኦክስጅኑ 26.3 ይሆናል። ከሩብ በላይ አርሰኒክ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን በዚህ ቀመር ውስጥ የሌለውን ተመልከቱ። ሃይድሮጅን የለም። አንዲት ጠብታ ውሃ የለችም።

ጂኦሎጂ_ቦሩሜዳ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከቀኑ 9፡40

ጋሼ፣ አፌ ላይ የነበረውን ነው የወሰዱብኝ። ይሄን ላስፋው።

ምድር ላይ የምናገኛቸው አብዛኞቹ አረንጓዴ የመዳብ ማዕድናት ውሃ የነካቸው ናቸው። ማላካይትን ውሰዱ፣ ቀመሩ ውስጥ የውሃ ቁራጭ አለበት፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተያይዘው። ኦሊቬናይት የሚባለው የመዳብ አርሰኔትም አለ፣ ዝናብ የመዳብ ማዕድንን ሲያበላሽ የሚፈጠር ነው። መዳብ አለው፣ አርሰኒክ አለው፣ አረንጓዴ ነው። ግን እሱም ሃይድሮጅን ይዟል። ኤሪክላክስማናይትና ኮዚሬቭስኪት የላቸውም። በዚያ ሙቀት ውሃ ክሪስታል ውስጥ ገብቶ መቀመጥ አልቻለም። ማንም ሳይነግርህ ቀመሩን አይተህ ብቻ ማዕድኑ ከእሳት ይሁን ከውሃ የተወለደ መገመት ትችላለህ። እኔ ይሄን መጀመሪያ ስረዳ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የኬሚስትሪ_መምህር (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከቀኑ 10፡05

በትምህርት ቤት ሰማያዊውን የመዳብ ሰልፌት ያሞቃችሁት ትዝ ይላችኋል? ውሃው ሲወጣ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ጠብታ ውሃ ስትጨምሩበት መልሶ ሰማያዊ። ቶልባቺክ ላይ ያ ውሃ አልባው ዓይነት በተፈጥሮ አለ፣ ቻልኮሲያናይት ይባላል። አየሩ ርጥብ ሲሆን ውሃ እየጠጣ ይለወጣል። ስለዚህ ከእነዚያ ጉድጓዶች የሚወጡ ብዙ ማዕድናት፣ በተለይ ሰልፌትና ክሎራይዶቹ፣ ዝናብ አይችሉም። አርሰኔቶቹ የተሻለ ይጸናሉ።

ወገልጤና_ድንጋይ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡20

ይሄ የውሃ ነገር ወደ እኔ ቤት መጣ። ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው። የደላንታ ኦፓል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ውሃ ውስጥ ስትነክረው ይጠጣል። ቀለሙ ይደበዝዛል፣ እንደ መስተዋት ያሳይሃል። ሲደርቅ የቀለሙ ጨዋታ ይመለሳል። ይሄን የማያውቅ ገዢ ድንጋዩን አጥቦ ደንግጦ ይመጣል። ሁሌም ተረጋግተህ አድርቀው እላለሁ።

ጥያቄዬ ይኸው። እነዚያ የእሳት ጉድጓዶች ውስጥ ኳርትዝን የሚመስል ነገር አለ?

ጂኦሎጂ_ቦሩሜዳ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡00

አለ! እንዲያውም ኳርትዝን ከውስጥ የሚመስል አለ። አላርሳይት ይባላል። ስሙ ከአሉሚኒየምና ከአርሰኒክ ተቀጥሎ የተሠራ ነው። እሱም ከቶልባቺክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተገለጸ።

ኳርትዝ ሲሊኮንና ኦክስጅን ብቻ ነው። ሲሊኮን አራት እጅ አለው እንበል። ሁለት ሲሊኮን ስታወጣ ስምንት እጅ ይጎድልሃል። በቦታው ሦስት እጅ ያለው አሉሚኒየምና አምስት እጅ ያለው አርሰኒክ ብታስገባ ስምንቱ ይሞላል። ቤቱ አይፈርስም። አላርሳይት በትክክል ያንን ነው ያደረገው፤ የኳርትዝን ንድፍ ይዞ ግንበኞቹን ቀየረ። ቀለም የለውም። ጥንካሬው ወደ አምስት ነው፣ ከኳርትዝ ሰባት ያንሳል።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም እንደ አርሰኒክ በቀላሉ አይተንም። ከየት መጣ? ከግድግዳው ነው። ኃይለኛው ጋዝ የባዛልቱን ግድግዳ እየበላ አሉሚኒየሙን ያወጣል። ስለዚህ ፉማሮል ውስጥ ሁለት ምንጭ አለ፣ አንዱ ከታች የሚመጣው ጋዝ፣ ሌላው አጠገቡ ያለው ድንጋይ ራሱ። ከቶልባቺክ ብቻ ከመቶ በላይ አዳዲስ ማዕድናት መገኘታቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል። በዓለም ላይ የታወቁት ሁሉ ስድስት ሺህ ገደማ መሆናቸውን ስታስቡ አንድ እሳተ ገሞራ ይሄን ያህል ሲሰጥ ያስደንቃል።

የሸዋበር_እናት (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡25

ልጆቼ፣ እኔ የተማርኩ አይደለሁም፣ ግን ስከታተላችሁ ነው የዋልኩት። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ድንጋይ ይሰበስባል። አልጋው ሥር ሞልቷል። አርሰኒክ የሚለውን ሳይ ልቤ ደነገጠ። መርዝ አይደለም እንዴ? አውጥቼ ልጣልበት?

ጂኦሎጂ_ቦሩሜዳ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡38

እማማ፣ አብሽሩ። አይጣሉበት። የደሴ አካባቢ ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ ካልሳይት፣ አረንጓዴ ሴላዶናይት የአርሰኒክ ማዕድናት አይደሉም።

ደንቡን ግን ይንገሩት። ድንጋይ አይላስም። ቤት ውስጥ አይፈጭም፣ አይደቅም። ከነካ በኋላ እጅ ይታጠባል። ወርቃማ ቢጫ ወይም ደማቅ ቀይ ዱቄት የሚተው ድንጋይ ከመጣ ለብቻው ያስቀምጥና ለሚያውቅ ያሳይ። ኦርፒመንትና ሪያልጋር የሚባሉት የአርሰኒክና የሰልፈር ማዕድናት እንደዚያ ናቸው።

መርዝነቱ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከዚህ አይለፍ ብሎ የሚመክረው በሊትር 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በስምጥ ሸለቆአችን አንዳንድ ጉድጓዶች ከዚህ በላይ ተገኝቷል። እዚያ አርሰኒኩ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ ውሃው ይገባል። ለዚህ ነው እኔ የአርሰኒክን ጉዞ ማወቅ ከጌጥ በላይ ነው የምለው።

የሸዋበር_እናት (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡44

ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ። አነበብኩለት። እሱም ላስቼ አላውቅም አለኝ።

የሐረጎ_ልጅ (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡10

እኔ ደግሞ አሁን ሐረጎን ትቼ አፋርን ማሰብ ጀመርኩ። ከኮምቦልቻ በባቲ ወርደን ነው የምንደርሰው፣ ሩቅ አይደለም። ኤርታሌ አለ። ዳሎል አለ። ኅዳር 14 ቀን 2018 የፈነዳው ሃይሊ ጉቢም አለ። እዚያ እንደ ቶልባቺክ ያለ ጉድጓድ አይኖርም?

ጂኦሎጂ_ቦሩሜዳ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡41

ፉማሮል ከፈለግህ አቅጣጫህ አሁን ተስተካከለ። አፋሮች ለእንፋሎት መውጫው የራሳቸው ቃል አላቸው፣ ቦይና ይሉታል። በረሃ ላይ ድንጋይ ከምረው እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ የሚጠጣ ውሃ ያጠራቅሙበታል። እኔ ይሄን ከማንም ላቦራቶሪ አላሳንሰውም፤ ጋዝን ወደ ሌላ መልክ መመለስን በእጃቸው ያውቁታል።

ግን ሁሉም ጉድጓድ አንድ አይደለም። ቦይናው ውሃ የሚሰጠው እንፋሎቱ የውሃ ስለሆነና እንደ ቶልባቺኩ ስለማይግል ነው። ዳሎል የጨው፣ የሰልፈርና የአሲድ ውሃ አገር ነው። ውሃ ሁሉን ይገዛዋል። የቶልባቺኮቹ ግን ደረቅ ናቸው፤ የሚወጣው ባብዛኛው የጋለ አየር ነው፣ ኦክስጅን የጠገበ። አርሰኒክ ሰልፈር አግኝቶ ኦርፒመንት ሳይሆን ኦክስጅን አግኝቶ አርሰኔት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሙቀት፣ ድርቀት፣ አየር፣ መዳብና አርሰኒክ፣ አምስቱ በአንድ ስንጥቅ መገናኘት አለባቸው።

አንድ ቃል ልለምንህ። ብቻህን እንዳትሄድ። ጋዙ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፣ ሽታም ላይኖረው ይችላል። ከላይ ጠንካራ የሚመስለው ቅርፊትም ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ቦታውን የሚያውቅ የአፋር መሪ ሳይኖር ማንም አይቅረብ።

ጦሳ_ሥር (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡55

ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ ነገር ምን ይጠቅማል ብሎ አንድ ጓደኛዬ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁለት።

ጂኦሎጂ_ቦሩሜዳ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡08

ማዕድን ሆኖ ከሥሩ ተቆፍሮ አይሸጥም፣ ልክ ነው። ግን መዳብና ኦክስጅን ተፈጥሮ እንዴት እንደምትደረድራቸው ያሳየናል። መዳብ በእንዲህ ያለ አቀማመጥ ሲቆም የማግኔት ጠባዩ ስለሚለይ፣ የፊዚክስ ሰዎች ከፉማሮል የወጡ የመዳብ ማዕድናትን ንድፍ ወስደው በላቦራቶሪ ሠርተው ያጠኗቸዋል። ለጓደኛህ ይሄን በለው። ባይጠቅምም እኔ አጠናው ነበር፣ ይሄንንም ጨምርለት።

የሐረጎ_ልጅ (ኮምቦልቻ)፣ ረቡዕ ከቀኑ 7፡30

ቁራጩን ዛሬ ሞከርኩት። በጥፍሬ ስጭረው ተጫረ። የወጣው ዱቄት ሐመር አረንጓዴ ነው። ስነካው ሳሙና ሳሙና ይላል። ኮምጣጤ ጠብ አደረግሁበት፣ ምንም አረፋ የለም። እዚያው ድንጋይ ላይ ያለው ነጭ ነገር ላይ ሳደርግ ግን ጥቂት አረፋ ወጣ።

ጂኦሎጂ_ቦሩሜዳ (ደሴ)፣ ረቡዕ ከቀኑ 8፡05

ጎበዝ። በጥፍር ከተጫረ ጥንካሬው ሦስት ተኩል አይደርስም፣ ስለዚህ ኤሪክላክስማናይት በዚህ ብቻ ይወድቃል። ሳሙና ሳሙና የሚለው የሴላዶናይትና የዘመዶቹ ጠባይ ነው። አረፋ ያወጣው ነጩ ካልሳይት መሆን አለበት። ከሴላዶናይት ዘመዶች የትኛው እንደሆነ በትክክል የሚናገረው ኤክስሬይ ነው፤ እስከዚያ ወረቀት ላይ ሐረጎ፣ ቀኑን፣ የመንገዱን የትኛው ጎን እንደሆነ ጻፍና ከድንጋዩ ጋር አስቀምጥ። ቦታው ያልተጻፈበት ድንጋይ ለእኛ ግማሽ ድንጋይ ነው።

የኬሚስትሪ_መምህር (ደሴ)፣ ረቡዕ ከቀኑ 10፡20

ነገ ይሄን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ላስተምር ነው። ሁለቱን ሣጥኖች ለማሳየት ሁለት ባዶ የክብሪት ቀፎ ይዤ እገባለሁ። አንዱን ቀጥ አድርጌ፣ አንዱን በጣቴ ገፍቼ አጋድዬ። ይበቃል?

ጂኦሎጂ_ቦሩሜዳ (ደሴ)፣ ረቡዕ ከቀኑ 10፡41

ጋሼ፣ ቀጥ ያለው ለኮዚሬቭስኪት ልክ ነው። የተገፋው ቀፎ ግን አንዱን ማዕዘን ብቻ ነው የሚያጋድለው፣ ሁለቱ ቀጥ ብለው ይቀራሉ። ሦስቱም እንዲጋደሉ ከፈለጉ ሃያ ሠላሳ ካርቶን ጫፋቸው ተንጋዶ አንድ ዓይነት ይቆረጡ። ይደርድሯቸው። ከዚያ ክምሩን ወደ ጎንም ወደ ፊትም በአንዴ ይግፉት። ያ ኤሪክላክስማናይት ነው።

የኬሚስትሪ_መምህር (ደሴ)፣ ረቡዕ ከቀኑ 10፡50

ካርቶኑን ይዣለሁ። መቀስ ፍለጋ ነኝ።